ስድስት የወጣለት እንደገና ይወርውር

ጉረኛ አትበሉኝ እንጂ፣ በቦንጋ ከተማ ተማሪዎችን ሰብስቦ ተረት በዳይስ ያጫወተ የመጀመሪያው የሂሳብ መምህር እኔ ነኝ። ቀዳሚ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። ኩራቴን ከበሩ ላይ የማስቀምጠው አውቄ ነው። ታሪኩ መሃል ላይ ሲደርስ የማፍርበት ቦታ አለውና፣ እዚያ ስንደርስ ትታችሁኝ እንዳትሄዱ ብዬ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከደሴ ተመድቤ ቦንጋ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዝናቡን ለምጃለሁ፣ ቆጮውን ወድጃለሁ፣ የካፋው ቋንቋ ካፊኖኖ ግን ከሰላምታ አላልፍ ብሎኛል። ላጤ ስለነበርኩ ከሥራ በኋላ የማደርገው አልነበረኝም። ከተከራየሁበት ክፍል አጠገብ አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ መምህር ይኖር ነበር፤ አገሩ ሲመለስ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ጥንድ ካልሲ ትቶልኝ ሄደ። ካልሲው በአንድ ክረምት አለቀ። መጽሐፉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያናግረኛል።

መጽሐፉ የጨዋታ ሕግ ነው። ጨዋታው ደግሞ ተረት ነው፤ ልዩነቱ፣ ተረቱን የሚሰሙት ሰዎች ራሳቸው ውስጡ መግባታቸው ነው። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆንና “ጫካ ውስጥ ናችሁ፣ ጉም ወርዷል፣ ከፊታችሁ የተሰበረ ድልድይ አለ” ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የፈጠሩትን ሰው ሆነው “እኔ ዘልዬ እሻገራለሁ”፣ “እኔ በዋና” እያሉ ይመልሳሉ። ይሳካላቸው እንደሆነ ዳይስ ተወርውሮ ይታወቃል። ከሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ወገን ይይዛል፤ ማለትም በዚያ በተረቱ ዓለም ከየትኛው ሕዝብ እንደተወለደ ይወሰናል።

በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሕዝቦች ጆሯቸው የሾለ፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ጢማቸው መሬት የሚጠርግ ነበሩ። ተማሪዎቼ ስዕሎቹን አይተው እስኪያነቡ ሳቁ። “ቲቸር፣ የራሳችንን እንሥራ” አሉኝ። ሠራን። ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን አራት ወር ሙሉ ሠራን።

ትልቁ ጠባችን ስንት ወገን ይኑር የሚለው ነበር። አስራት የሚባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የማር ነጋዴው የአቶ ተክሌ ልጅ፣ “አሥራ ሁለት!” ብሎ ድርቅ አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲከራከር ግን የቆመ በሬ ያስተኛል። ሌሎቹ ሦስት ይበቃል አሉ። ጊዜው ደግሞ ስንት ብሔር ስንት ብሔረሰብ እያልን ከሬዲዮ እስከ ስብሰባ የምንውልበት ዘመን ነው። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ገብሬ ረቂቁን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ዳኛቸው፣ ‘የተፈቀዱ ዘሮች ብዛት’ የሚል ወረቀት ከእኔ ትምህርት ቤት ሊወጣ ነው?”

“ጨዋታ ነው እኮ ጋሼ።”

“ለአንተ ጨዋታ ነው። እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።”

“ዘሮች” የሚለውን “ወገኖች” አልነው። ብዛቱን ደግሞ በሂሳብ ፈታሁት፤ ዳይሱ ስድስት ገጽ አለው፣ ወገኑም ስድስት ይሁን፣ ማንም ደስ ያለውን አይመርጥም፣ ወርውሮ የወጣለትን ይይዛል። በዚህ ፍትሐዊነቴ ራሴን ያየሁበት መስታወት ሳይሰበር መቅረቱ ይገርመኛል።

አምስቱን በአንድ ሳምንት ጨረስን። የዙፋን ሰዎች፣ ከንብ ጋር የሚነጋገሩ የንብ ሰዎች፣ ጉም ለብሰው የሚጠፉ የጉም ሰዎች፣ የወንዝ ሰዎች፣ የቀርከሃ ሰዎች። ስድስተኛው ጠፋን። አንድ ቀን አስራት እጁን አወጣና “የጫካ ሰዎች ይሁኑ። ከሌላው ጋር አይቀላቀሉም። ሰው ቤት አይገቡም፣ በራፍ ላይ ይቆማሉ። ምግብ ሲሰጣቸው በቅጠል ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያዩ ዞር ይላሉ” አለ።

በደስታ ዘለልኩ። ይህን የመሰለ ፈጠራ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! “ቀጥል!” አልኩት። ቀጠለ፣ ሌሎቹም ጨመሩ፣ እኔም ጻፍኩ። “እንዲህ ከሆኑ ጀግና ሊሆኑ አይችሉም” አሉኝ። እውነት መሰለኝ። በመጨረሻ በገዛ እጄ ይህችን ሕግ አከልኩ፦ የጫካ ሰዎች በመንገድ ይገኛሉ እንጂ ተጫዋች አይይዛቸውም፤ ስድስት የወጣለት እንደገና ይወርውር።

ሕጉ በትምህርት ቤቱ ማባዣ በአርባ ቅጂ ታተመ። ቅዳሜ የወላጆች በዓል ነው። አምስት ተማሪዎች በወላጆቻቸው ፊት ሊጫወቱ፣ እኔም ጨዋታ መሪ ልሆን ተዘጋጀን።

ዓርብ ከሰዓት ከአምስቱ አንዱ ወባ ያዘው። ብርቄን የጠራኋት ያን ጊዜ ነው። ብርቄ ከከተማው ውጭ፣ ከጫካው ጥግ ካለ መንደር የምትመላለስ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነች። በሂሳብ ከአስራት ጋር አንደኝነት ይቀማማሉ። ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ዓይን አፋር ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

“መጫወት ትፈልጊያለሽ?” ስላት ፊቷ በራ። ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች። ከዋንዛ እንጨት የቀረጽኩትን ዳይስ ሰጠኋት። ወረወረች። ስድስት።

“እንደገና ወርውሪ” አላት አስራት ቶሎ ብሎ።

“ለምን?”

“ስድስት አይያዝም።”

“እነማን ናቸው ስድስት?”

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን ቸገረኝ! ወረቀቱን አንስቼ፣ ድምፄን እንደ ሬዲዮ ተራኪ አወፍሬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አነበብኩላት። በራፍ ላይ እንደሚቆሙ፣ በቅጠል እንደሚበሉ፣ ሰው ሲያዩ ዞር እንደሚሉ፣ ጀግና እንደማይሆኑ። ጨርሼ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና አልኩ።

ብርቄ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች። “ቲቸር፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የጻፉት?” አለች።

“አዎ፣ ከልጆቹ ጋር።”

ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በሩን እንኳ አላላተመችም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

“ምን ሆነች?” አልኩ። አስራት ጫማውን ያያል።

“ቲቸር… እሷ ማንጆ ነች።”

ማንጆ የሚለውን ቃል ሰምቼው አውቃለሁ። ትርጉሙን ግን የሥራ መጠሪያ አድርጌ ይዤው ነበር፤ እንጨትና ከሰል ወደ ገበያ የሚያመጡ ሰዎች። የካፋ ሰዎች ሆነው ሳለ ሌላው የካፋ ሰው ቤቱ የማያስገባቸው፣ ማዕድ የማይጋራቸው መሆናቸውን፣ የጻፍኩት ሁሉ ፈጠራ ሳይሆን ትናንትም ዛሬም በዚያች ልጅ ላይ የሚደረግ መሆኑን አላውቅም ነበር።

“እና ዝም ብላችሁ ታጽፉኛላችሁ?” ብዬ ጮህኩ።

“የሚያውቁ መስሎን ነው” አለ አስራት። “ሁሉም ሰው ያውቃል እኮ።”

ውሸት አልነበረም። ለእነሱ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነበር፤ ለእኔ ደግሞ የሚደነቅ ተረት። እነሱ አውቀው፣ እኔ ሳላውቅ፣ አንድ ላይ አርባ ቅጂ አበዛን። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የማፍርበት ቦታ አለው ያልኳችሁ ይህ ነው።

ወደ ጋሽ ገብሬ ቢሮ ሮጥኩ። ሲሰሙ የተፈታኞችን ስም ዝርዝር አውጥተው ስሟን አሳዩኝ።

“ከመንደሯ አሥረኛ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ ልጅ ነች” አሉኝ። “ፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ከቀረች ከኋላዋ ያሉትም ይቀራሉ።”

“ምን ላድርግ?”

“ስድስተኛውን ሰርዝና አምስት አድርገው። ማንም አይነካም፣ ማንም አይከፋም። ከዚያ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት።”

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። መንገዱን አላውቀውምና አስራት ሊያሳየኝ መጣ፤ ዓይኑ አብጧል፣ እንቅልፍ እንዳልተኛ ያስታውቃል። አንድ ሰዓት ያህል በጭቃው እየተንሸራተትን ሄደን ከአንዲት ጅረት ዳር ስንደርስ ቆመ።

“ከዚህ አላልፍም ቲቸር። እዚያ ቤት መግባቴን አባዬ ከሰማ ያባርረኛል።”

“እሺ፣ ጠብቀኝ።”

ቤታቸው ከጫካው ሥር ነው። የብርቄ አባት ሲያዩኝ ከገዛ ደጃቸው ላይ ተነስተው ወደ ጎን ዞር አሉ። መንገድ ላይ ሰው ሲያዩ ዞር ይላሉ ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ብርቄ ወጣች፤ ዩኒፎርሟን አልለበሰችም።

“ሰኞ አልመጣም ቲቸር” አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት።

“ብርቄ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ወረቀቱንም አስተካክለዋለሁ። ስድስተኛ ወገን የለም። አምስት ብቻ ይሆናሉ።”

“የት ሄዱ?”

“እነማን?”

“የጫካ ሰዎቹ። ትናንት ነበሩ። ዛሬ የሉም?”

ጋሽ ገብሬም እኔም መፍትሔ ያልነው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

“መጥፎው መኖራቸው አይደለም” አለች። “ሕጉ ነው መጥፎ። ‘እንደገና ይወርውር’ የሚለውን ይሰርዙት። ሰዎቹን ይተዉአቸው።”

“እያንዳንዱ ወገን አንድ የሚችለው ነገር አለው። እነሱ ምን ይችላሉ ልበል?”

ወደ አባቷ ዞራ በካፊኖኖ ጠየቀቻቸው። አባትዮው የመለሱት ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነበር፣ ቃል እየፈለጉ በአማርኛ።

“ድሮ፣ የካፋ ንጉሥ ሳለ፣ አገር በር ነበረው። ጠላት በዚያ ይመጣል። ንጉሥ ቤቱ ውስጥ ነበር። በር ላይ እኛ ነበርን።”

ይህን ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ በማር አቀረቡልኝ፤ ለእኔ በሳህን፣ ለራሳቸው በቅጠል። ሳህኑን መሃል ላይ አስቀምጬ “አብረን እንብላ” አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ቁርስ አልበላሁም ነበርና ርቦኝ ነው። አባትዮው አመንትተው እጃቸውን ዘረጉ። ስሰናበት ብርቄን “ዛሬ ከሰዓት ትመጫለሽ?” አልኳት። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላለችኝ።

አስራት ከጅረቱ ዳር ጠብቆኛል። የሆነውን እየሄድን ነገርኩት። ትምህርት ቤት ደርሰን መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀመጥንና በአርባው ቅጂ ላይ አንድ በአንድ ሕጉን ሰርዘን፣ በላዩ “የጫካ ሰዎች የአገሩ በር ጠባቂዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ በሩ አይከፈትም” ብለን በእጃችን መጻፍ ጀመርን። ጋሽ ገብሬ ብቅ ብለው አዩን። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶ አውጥተው ወንበር ሳቡ። “የእኔ ጽሕፈት ከአንተ ይሻላል” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ትልቁ ክፍል በወላጅ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ተክሌ ፊት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ተማሪዎች አሉ፤ አምስተኛው ወንበር ባዶ ነው። ጨዋታውን ሳስረዳ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን አሥር ደቂቃ አስረዘምኩት። ዓይኔ ከበሩ አልተነቀለም። በመጨረሻ ጋሽ ገብሬ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። “እንግዲህ…” ብዬ ዳይሱን ሳነሳ ብርቄ ገባች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ እግሯን ከደጅ ታጥባ ነው መሰል ውሃ ያንጠባጥባል። አባቷ ተከትለዋት መጥተው ከበሩ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሙ። ሰዉ ተንሾካሾከ። እሷ ቀጥ ብላ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ እሷ ወረወረች። አንድ። የዙፋን ሰዎች። ጉምጉምታው ጨመረ። ሌሎቹም ወረወሩ፤ ንብ፣ ወንዝ፣ ጉም ወጣላቸው። መጨረሻ የአስራት ተራ ሆነ። ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ተንከባሎ ቆመ።

ስድስት።

ዳይሱን በእጄ ቀርጬዋለሁ፣ እያንዳንዱ ገጽ እኩል ዕድል እንዳለውም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ አስተምሬአለሁ። ቢሆንም ያን ቀን እግዚአብሔር እጁን ያስገባ መሰለኝ።

አቶ ተክሌ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል። ስድስት እነማን እንደሆኑ አንብበዋል፣ የገባቸውም ወዲያው ነው። “አስራት! እንደገና ወርውር!” አሉ።

ልጁ አባቱን ያያል፣ እኔን ያያል። እኔ አልረዳሁትም። ልረዳው እችል ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ውሳኔው የእኔ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

“አባዬ” አለ፣ “ያ ሕግ ተሰርዟል። በእጄ ነው የሰረዝኩት።”

ዳይሱን ከፊቱ አስቀመጠ፣ ስድስቱን ወደ ላይ አድርጎ።

ጨዋታው ተጀመረ። የታመመች ንግሥት አለች፤ መድኃኒቷ ከአገሩ በር ባሻገር ነው። ተጫዋቾቹ ወንዝ ተሻገሩ፣ ከንብ ተማከሩ፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ተያዘ፤ አንዲት እናት “በግራ ሂዱ፣ በግራ!” እያሉ ይጮኹ ነበር። በሩ ጋ ደረሱ። ተዘግቷል። ሁሉም ሞክረው አልከፈት አላቸው። ተራው የበር ጠባቂው ሆነ። አስራት ወረቀቱን አገላበጠ። እንዴት እንደሚከፈት አልጻፍኩም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ብርቄን አያት። እሷ በአገጯ ወደ በሩ፣ ወደ እውነተኛው የክፍሉ በር ጠቆመችው።

አስራት ተነሳ። እስከ በሩ ሄደ። ዝናብ ከሚያንጠባጥበው ክፈፍ ሥር ከቆሙት ሰው ፊት ቆመ።

“አባት፣ በሩ እንዴት ነው የሚከፈተው?”

አባትዮው ዙሪያቸውን አዩ። “መጀመሪያ ማን መጣ ተብሎ ይጠየቃል” አሉ። “ስሙን የተናገረ ይገባል።”

አስራት ትከሻውን ቀና አድርጎ፣ ከምር በር ጠባቂ ሆኖ “ማን መጣ?” አለ።

“ወዳጆ።”

“ይግቡ፣ ጋሽ ወዳጆ።”

ገቡ። ከመጨረሻው ወንበር ጫፍ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች ተነስተው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ያንን አልደብቃችሁም። ሦስተኛዋ ሴትዮ ግን አልተነሡም፤ ጃንጥላቸውን አንስተው ቦታ አሰፉላቸው። አቶ ተክሌ ፊታቸው እንደ ጠቆረ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። አልወጡም። ማታ ቤታቸው ምን እንደተባለ አስራት ነግሮኝ አያውቅም፤ ሰኞ ግን ከኋላ ወንበር፣ ከብርቄ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ብርቄም ሰኞ መጥታለች። ፈተናውን ወስደው ሁለቱም አለፉ፤ ማን እንደበለጠ ብነግራችሁ አስራት ያኮርፈኛል።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ጨዋታ ቦንጋን ለወጠ አልላችሁም። በዚያ ሳምንትም ገበያ ላይ ዞር የሚሉና የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ፍትሕ ማለት ዳይሱን እኩል አድርጎ መቅረጽ ይመስለኝ ነበር። ገጾቹ እኩል ሆነው ሕጉ አንዱን “አልቆጠርኩህም” ሊለው እንደሚችል ያስተማረችኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ባላወቅሁት አገር የሚያምር ነገር ስሰማም ከማድነቄ በፊት “ይሄ የማን ቁስል ነው?” ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። በእነዚያ ሁለት ልጆች ኮርቻለሁ፣ እኮራለሁ፣ ማንም ይህን ኩራት ከእኔ አይወስድም።

ብርቄ መምህር ሆነች። ደካ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመድባ የራሷን ክበብ አቋቋመች፤ ጨዋታውም በእኛ ሕግ፣ በስድስቱ ወገን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ስልክ ደወለችልኝ።

“ቲቸር፣ አንድ ተማሪ ‘እኔ ከስድስቱ አንዱም አይደለሁም’ አለኝ። ሰባተኛ ልጨምር ነው።”

“ዳይሱ እኮ ስድስት ገጽ ነው ያለው።”

“ታዲያ ዳይሱ ነዋ የሚቀየረው።”

“ብርቄ፣ ባለ ሰባት ገጽ ዳይስ እኩል አይወድቅም። ሂሳቡ እምቢ ይላል።”

“እሱን እንግዲህ እርስዎ ይፈልጉት” ብላ ሳቀችና ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ባለ ስምንት ገጽ እኩል እንደሚወድቅ አውቃለሁና ከዋንዛ እንጨት ቀረጽኩ። በሰባቱ ገጽ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። ስምንተኛውን ባዶ ተውኩትና ወደ ደካ በሚሄድ ሚኒባስ ላኩላት፣ ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጋር፦ ባዶው የወጣለት ልጅ ወገኑን ራሱ ይንገረን።